«ለምን ለቀቁ?» የሚለው ጥያቄ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው የኤሌፋንት ኤንድ ካስል የገበያ ማዕከል መስከረም 24 ቀን 2020 ተዘግቶ ኋላም ፈርሷል። በዚያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው የሥራ ማመልከቻ ሲሞላ «የቀድሞ ሥራዎን ለምን ለቀቁ?» ቢባል የሚመልሰው አያጣም፤ ምክንያቱ በአደባባይ የታየ ነው። ደመወዝ ስለተጓተተበት፣ አለቃው ስለሰደበው ወይም የሌሊት ፈረቃው ጤናውን ስላወከው የለቀቀ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ሕግ ሊደርስለት የሚገባው ይህ ሁለተኛው ሰው ነው።

ጥያቄው የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። አዲሱ አሠሪ ሲጠይቅ ሠራተኛው «ነገረኛ» ተብሎ እንዳይታለፍ ስለሚሰጋ በደሉን ውጦ «ለውጥ ፈልጌ ነው» ይላል። ጆብ ሴንተር ሲጠይቅ ደግሞ መልሱ መገልበጥ አለበት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን በፈቃዱ ከለቀቀ ድጎማው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 91 ቀን፣ በዓመት ውስጥ ከደገመው እስከ 182 ቀን ሊቀነስበት ይችላልና በደሉን ከነዝርዝሩ ማስረዳት ግድ ይለዋል። በአንዱ ደጅ የሚያድነው መልስ በሌላው ደጅ ያስጠረጥረዋል። በአንጻሩ በብሪታንያ፣ እንደ ፋይናንስ ካሉ ልዩ ቁጥጥር ካለባቸው ዘርፎች በቀር፣ አሠሪው ለለቀቀ ሠራተኛ የሥራ ማስረጃ የመስጠት አጠቃላይ ግዴታ የለበትም።

ፈተናው በቤት ሠራተኞች ላይ ይበረታል። ከአሠሪዎቻቸው ጋር ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ለንደን የሚመጡ፣ ኢትዮጵያውያንም የሚገኙባቸው ሠራተኞች ከ2016 ወዲህ አሠሪ መቀየር ተፈቅዶላቸዋል፤ ቪዛቸው ግን የስድስት ወር ብቻ ነው፣ አይታደስም። በደል ሸሽታ የወጣች ሴት በቀረቻት አጭር ጊዜ ለአዲስ ቤተሰብ ምክንያቷን ማስረዳት ይጠበቅባታል፤ ፓስፖርቷ እንኳ በቀድሞ አሠሪዋ እጅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ከኢትዮጵያ ሕግ የሚቀሰም መፍትሔ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከሦስቱ ውስጥ የመልቀቂያ ምክንያት የለም። አዋጁ የቤት ሠራተኞችን በእኩል አለማቀፉ ጉልህ ጉድለት ቢሆንም መርሁ ትክክል ነው፤ ማስረጃው ስለ ተሠራው ሥራ ይመሰክራል፣ ስለ መለያየቱ አይፈርድም።

«አሠሪ የሚቀጥረውን ሰው ማወቅ አለበት» የሚለው ክርክር ሚዛን የሚደፋው ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን በሚመለከቱ ሥራዎች ነው፤ ለእነርሱም የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ሥርዓት አለ። ለቢሮ ጽዳትና ለካፌ አስተናጋጅነት ግን የመልቀቂያ ምክንያት የችሎታ መለኪያ አይሆንም።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ማሻሻያዎችን ሊያራምዱ ይገባል፦

አንደኛ፣ ማንኛውም አሠሪ የሥራውን ዓይነትና ዘመን ብቻ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ በሕግ ይደንገግ።

ሁለተኛ፣ የመልቀቂያ ምክንያት ከመጀመሪያው የማመልከቻ ቅጽ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛው በደል ደርሶብኛል ባለ ጊዜ ጉዳዩ ተጣርቶ ሳያልቅ ድጎማው አይነካ።

በደል ካለበት ቤት መውጣት ጥፋት አይደለም፤ የሚያስቀጣም ሊሆን አይገባም።