ባቡሩን ማን ይቀልበው?

የአዲስ አበባ ነዋሪ ለከተማው ቀላል ባቡር መንግሥት ገንዘብ ይመድብ ብሎ በጠየቀ ቁጥር አንድ የተለመደ መልስ ይቀርብለታል። ባቡሩ ወጪውን በገቢው አልሸፈነም፤ ወጪውን ያልሸፈነ ድርጅት ደግሞ በድኃ አገር ካዝና ሊቀለብ አይገባውም የሚል ነው። መልሱ ላይ ላዩን ሲሰሙት የጠንቃቃ ባለ ሒሳብ ንግግር ይመስላል። የገዳሪፍ ሰው ግን ይህን መልስ ከአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ሰምቶታል፤ ምን እንደሚያስከትልም በዐይኑ አይቶታል።

ገዳሪፍን ከባሕር ያገናኘው ሐዲድ የእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ሥራ ነው። ከሃይያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰላ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ገዳሪፍን አቋርጦ በ1929 ሰናር ገባ። የተዘረጋው ለገበሬው ታስቦ አልነበረም፤ የጋሽንና የገዚራን ጥጥ ወደ ፖርት ሱዳን ለማውረድ ነበር። ይሁን እንጂ ሐዲድ አንዴ ከተዘረጋ ያልታሰበለትም ሰው ይጠቀምበታልና የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ በእርሱ ጀርባ ገበያ ወጣ። በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በከተማይቱ ያቆሙት ግዙፍ የእህል ጎተራ ለዚያ ዘመን ተስፋ ምስክር ሆኖ ይታያል። የገዳሪፍን ጥቁር አፈር በክረምት ረግጦ የሚያውቅ ሰው ሐዲድ ለዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ዝናብ የጣለ ዕለት ሎሪውም፣ ራክሻውም፣ አህያ የሚጎትተው ካሮም በጭቃ ተይዞ ሲቀር፣ በተደላደለ ጠጠር ላይ የተቀመጠ ብረት ብቻ ያሳልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አስፋልት ተጠናቀቀ። ከገዳሪፍ በላይ ብዙውን ርቀት ከሐዲዱ ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። አስፋልቱን በዓመቱ መጨረሻ ስንት አተረፍህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሲቦረቦር ይለጠፋል፤ የሚለጠፈውም በሕዝብ ገንዘብ ነው። የጭነት መኪናው ባለቤት መንገዱን አልሠራም፣ አይጠግንምም፤ ትርፉ ግን የራሱ ነው። ባቡሩ በአንጻሩ ሐዲዱንም፣ ድልድዩንም፣ ጣቢያውንም፣ የጡረተኛውንም አበል በገዛ ሒሳቡ ተሸክሞ ከሎሪው ጋር እሩጥ ተባለ። ተሸነፈም። ከዚያም መሸነፉ እንደ ማስረጃ ተቆጠረበትና በጀቱ ተቀነሰ፤ በጀቱ ሲቀነስ ፍጥነቱ ወረደ፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ነጋዴው ሸሸ፤ ነጋዴው ሲሸሽ ደግሞ ከሳሪ የሚለው ስም ጸናበት።

ነገሩ የሒሳብ ብቻም አልነበረም። የሱዳን ምድር ባቡር እምብርት የሆነችው አትባራ የጠንካራ ሠራተኛ ማኅበር ከተማ ነበረች። ኒሜሪ በሥልጣኑ ማክተሚያ አካባቢ ከማኅበሩ ጋር ተጋጨ፤ ከ1989 በኋላ የመጣው የበሽር መንግሥትም በሺዎች የሚቆጠሩ የባቡር ሠራተኞችን አሰናበተ። ሎሪ አድማ አይመታም፤ ባለቤቱ አንድ ሰው፣ ሾፌሩም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ባቡሩ ሞተ ሲባል በተፈጥሮ ሞት ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

ዕዳው የተከፈለው ዘግይቶ ነው። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ገዳሪፍ የተፈናቃይ መጠለያ ሆነች። በ2024 ክረምት መግቢያ ጦርነቱ ሲንጃ ሲደርስ የሰናር አውራጃ ሕዝብ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን በጋሪ ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። መኪና ያገኘ የተጠየቀውን ከፈለ፤ ያላገኘ በዝናብ ውስጥ በእግሩ ሄደ። ከሰናር ገዳሪፍ የሚመጣ ሐዲድ ከተዘረጋ 95 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ሐዲድ ላይ ግን ያን ሕዝብ የሚያነሣ ባቡር አልነበረም። ገና ሰላም ሳለ፣ ባቡሩ አያተርፍም ብለው መዝገብ የዘጉ ሰዎች ይህን ኪሳራ በየትኛው ዓምድ ይጽፉት ይሆን?

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባው ጉዳይ እንመለስ። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰሜን ደቡብ መስመር ነው፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው መስመር በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ጣቢያዎቹ 39፣ ባቡሮቹ 41 ነበሩ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ 85 ከመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ታሪፉ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከቃሊቲ ወደ መርካቶ ዕቃ ይዛ ለምትመላለስ ቸርቻሪ፣ ከአያት ማዶ ቤት ተከራይቶ መሀል ከተማ ለሚሠራ ተላላኪ፣ ይህ ታሪፍ ከወር ደመወዝ ላይ የሚተርፍ እንጀራ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባቡሮቹ አንድ በአንድ ይቆሙ ጀመር። በ2015 ዓ.ም. አካባቢ ከ41ዱ ውስጥ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው በብር ነው። የብድሩ ውል በተፈረመበት ዘመን 1 ዶላር ከ20 ብር በታች ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የባቡሩ ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ ተሳፋሪውም የቱንም ያህል ቢጋፋ፣ በሳንቲም የተሰበሰበ ብር ይህን ክፍተት ሊሞላ አይችልም። ጥፋቱ የተሳፋሪው ነው ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ባቡሩ ለምን ከሰረ የሚል አይደለም፤ ሲጀመር ማን እንዲቀልበው ታስቦ ነበር የሚል ነው። ለግንባታው ብድር ተፈለገ፣ ተገኘም፤ ለምርቃቱ መድረክ ተዘጋጀ። በየዓመቱ ለሚያልቀው ጎማ፣ ለሚበላው ፍሬን፣ ለሚቃጠለው ሽቦ ግን በጀት ውስጥ ጽኑ ቦታ አልተበጀለትም። በቅሎ የገዛ ሰው ገብሱን ሳያስብ አይገዛም። መንግሥት 41 በቅሎ ገዝቶ ገብሱን ለበቅሎዎቹ ተወላቸው።

ገንዘቡ ለአውቶቡስ ቢውል ይሻላል የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ አውቶቡስ መንገዱን ይቀያይራል፣ ሰፈር ውስጥ ይገባል፣ መለዋወጫውም እንደ ባቡሩ ብርቅ አይሆንም። ሆኖም አንበሳና ሸገር አውቶቡሶችም የሚሄዱት በከተማው ድጎማ ነው። አውቶቡሱን በድጎማ አሂዱ የሚል ሰው ድጎማን በመርሕ ተቀብሏል ማለት ነው፤ የቀረው የትኛውን እንደግፍ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ሐዲዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ተንጠልጣይ ድልድዮቹ ተሠርተው አልቀዋል። ባቡሩ ቢሄድም ባይሄድም ብድሩ ይከፈላል። በሚከፈልበት ዕዳ ላይ ትንሽ ጨምሮ አገልግሎቱን ማግኘት ይሻላል ወይስ ሙሉውን ዕዳ ከፍሎ የቆመ ብረት መመልከት?

ድጎማ የሚለው ቃል በዛሬው የቢሮ አማርኛ ምጽዋት ምጽዋት ይሸታል፤ ተቀባዩ አንገቱን እንዲደፋ የሚጠበቅበት ይመስላል። ዐረብኛው «ደዕም» ይለዋል፤ ድጋፍ ማለት ነው፤ «ዲዓማ» የሚባለው የቤት ምሰሶም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ምሰሶ ለቤቱ ተመጽዋች አያሰኘውም። (ባቡር ራሱ ከጣልያን «ቫፖሬ» በዐረብኛ በኩል የዞረ ቃል ነው፤ ሐዲድም በዐረብኛ ብረት ነው። ቃሉን ከጎረቤት የተዋሰ ሕዝብ ልምዱንም ቢዋስ አያፍርም።) በሱዳን ይህ ድጋፍ ከዳቦ ላይ ሲነሣና የዳቦ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ የተነሣው ያው የባቡር ከተማ፣ አትባራ ነበር። በማግሥቱ ገዳሪፍ ተነሣች፤ በአደባባይዋም ሰዎች ተገደሉ። በአራተኛው ወር በሽር ከሥልጣን ወረደ። ድጋፍ መንፈግ ቁጠባ የሚመስላቸው ባለሥልጣናት የዚያን ወቅት ሒሳብ ደግመው ቢያዩት መልካም ነው።

ለባቡሩ መሟገት ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። ሐዲዱ በአጥር ታጥሮ ከተማይቱን ለሁለት ከፍሏታል፤ አሮጊቷ ከመንገዱ ማዶ ያለ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ረጅም መንገድ እንድትዞር ተገድዳለች። ከታክሲና ከአውቶቡስ ጋር ያለው ግንኙነትም ደካማ ነው፤ ጣቢያ የወረደ ሰው ቀጣዩን መጓጓዣ ለማግኘት ሌላ ጉዞ ይጠብቀዋል። ታሪፉም ቢሆን ዘላለም እንደተጻፈ ይቆይ የሚል ሙግት አይጸናም፤ የከፋዩን አቅም ያገናዘበ ጭማሪ ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሊስተካከሉ የሚችሉት ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ነው።

ሌላ አገር ምን ተደረገ ቢባል፣ ካዛብላንካ የመጀመሪያውን የከተማ ባቡር በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀመረች፤ በ2019 ሁለተኛውን፣ በ2024 ሦስተኛውንና አራተኛውን መስመር ጨመረች። ከአዲስ አበባ የሦስት ዓመት ታላቅ ብቻ ናት። የአቡጃው ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። በቻይና ብድር ተሠርቶ በ2018 ሥራ ጀመረ፤ በ2020 ቆመ፤ የወደቀ ነው ተብሎ ተወራለት። የናይጄሪያ መንግሥት ገንዘብ መድቦ ጠገነውና በግንቦት 2024 እንደገና ተነሣ፤ ለወራትም ሕዝቡን በነጻ አመላለሰ። የቆመ ባቡር የሞተ ባቡር አይደለም ማለት ነው፤ ነገር ግን በቆመ ቁጥር የሚሞት ነገር አለ፤ እርሱም የባለሙያው እጅ ነው። ኤርትራውያን ጦርነት ያፈረሰውን የምጽዋ አስመራ መስመር መልሰው ሲዘረጉ ከየቤታቸው የጠሩት ጡረተኛ ባቡረኞችን ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አስመራ የደረሰው በእነዚያ ሽማግሌዎች ትውስታ ነው። በአዲስ አበባ የቻይናው አስተዳደር ውል ሲያበቃ ሥራውን የተረከቡት ወጣት ኢትዮጵያውያን ባቡረኞች ከቆመ ባቡር ጎን ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ከጨረሱ፣ ነገ የሚጠራ ጡረተኛ እንኳ አይኖርም።

መንግሥታት ለአዲስ ነገር ገንዘብ አያጡም። የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያንና ሱዳንን ለሚያገናኝ የባቡር መስመር ጥናት ገንዘብ ሲፈቅድ በሁለቱም ወገን የተመሰገነ ዜና ነበር። የመተማና የጋላባት ነጋዴም ቢሆን እንዲህ ያለውን መስመር አይጠላም። ሆኖም በገዳሪፍ ያለውን ሐዲድ ሣር ያበቀለ፣ በቃሊቲና በአያት ጋራዥ ያሉትን ባቡሮች አቧራ ያለበሰ አሠራር፣ በመካከላቸው አዲስ ሐዲድ ቢዘረጋ ምን እንደሚያደርገው መገመት ትንቢት አይጠይቅም።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥያቄም ስለዚህ ከአንድ ጊዜ ጥገና ማለፍ አለበት። መንግሥት አንድ ጊዜ ብዙ ሚሊዮን አፍስሶ፣ ባቡሮቹን ቀብቶ፣ ሁለተኛ ሪባን ቆርጦ ቢሄድ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ሰልፍ ይመጣል። ሊጠየቅ የሚገባው በየዓመቱ የማይቋረጥ የማንቀሳቀሻ በጀት፣ ለመለዋወጫ ብቻ የተለየ የውጭ ምንዛሪ ድርሻ፣ እንዲሁም በየወሩ ስንት ባቡር እንደሄደ፣ ስንቱ እንደቆመና ለምን እንደቆመ ለሕዝብ የሚገለጥ መዝገብ ነው። የመጨረሻው ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ምናልባትም ለማግኘት ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። የከተማው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ለመንገድ ጥገና የሚመደበው ገንዘብ በራሱ መስመር እንደሚጻፍ ሁሉ ከሥሩ ለሐዲዱ የሚሆን አንድ መስመር ይበቃል።