«መርፌ አይወድም»

መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ሕፃን አተኩሶት ሽፍታ ሲወጣበት የሚሰጠው ምክር ጎጃምም አዲስ አበባም ከሚሰጠው አይለይም። «ኩፍኝ ነው፤ ይውጣለት። መርፌ እንዳታስወጉት፣ አይወድም።» የመቀሌ ሰው «ንፍዮ» ይለዋል እንጂ ፍርዱ አንድ ነው። መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል።

ምክሩ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ኩፍኝ ዓይንን ያቀላል፤ ብርሃን ስለሚያውከው ጨለማው ልጁን ያሳርፈዋል። ጥፋቱ መስኮቱን ዘግቶ በሩን መክፈቱ ነው። ቫይረሱ ታማሚው በነበረበት ክፍል አየር ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል፤ አጠገቡ ካሉ 10 ያልተከተቡ ሰዎች እስከ 9ኙን ይይዛል። ጎረቤት አዝላ የመጣችው ጨቅላ በረካው ሳይደርስ ይዞት ሊወጣ ይችላል።

«መርፌ አይወድም» ከየት መጣ? ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይቀድማሉ፤ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከግንባር ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ልጁ «ይውጣለት» እየተባለ ቤት ይቆይና ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ጡት ሲተው፣ ሲዝል ወደ ሐኪም ይሮጣል። ኩፍኙ ሳንባ ምች አስከትሏል። መርፌ ይወጋል፤ ያርፋል። ለቀስተኛ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነገር ነውና መርፌው ይከሰሳል፤ መዘግየቱን የሚከስ የለም።

እሺ፣ መርፌ አይወድም እንበል። በኩፍኝ ለተያዘ ልጅ ከሚሰጡት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ግን አፍ ውስጥ የሚጨመቅ ጠብታ ነው። ቫይታሚን ኤ በ2 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ ዓይንን ከመጥፋት፣ ነፍስን ከሞት ይታደጋል። ጠብታው ምን አደረገን?

ትግራይ ውስጥ እናትን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። በጦርነቱ ዓመታት ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መብራት ጠፍቶ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ቆመዋል። ያኔ «ይውጣለት» ከማለት ሌላ ምን ነበራት? የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ፣ ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የጭንቅ ቀን ብልሃት ልማድ ሆኖ መቅረት የለበትም። በ9 ወር መከተብ ሲገባቸው ያመለጣቸው የዚያ ዘመን ሕፃናት ዛሬ ትምህርት ቤት እየገቡ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን ዙር የሚዘነጋ ደግሞ ብዙ ነው፤ «አንዴ ተከትቧል» የሚለው ወላጅ ሥራውን የጨረሰው በግማሽ ነው።

የትግራይ ጤና ቢሮን መርተው ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም፣ በልጅነታቸው ታናሽ ወንድማቸውን የነጠቃቸው ኩፍኝ ሳይሆን እንዳልቀረ ተናግረዋል። የአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ እናት «ዕጣው ነው» ብትል የሚፈርድባት የለም። እኛ ግን ክትባቱ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ ዕጣን የምንጠራው በምን አፋችን ነው?

መጋረጃው ይውረድ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት፣ በሩ ለእንግዳ ይዘጋ። ሽፍታው በታየ ቀን ልጁ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከሌሎች ሕፃናት እንዲለዩት ሽፍታ እንዳለው በር ላይ ይነገር። ቡናው ልጁ ሲድን ይፈላል።