ቤንዚኑ በሃይላንድ፣ ወሬው ሃይብሪድ

የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ በተነገረ ማግስት ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ የወጣቱ ወሬ አንድ ነው፦ ሃይብሪድ። ቲክቶክ ላይ "በአንድ ሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል" የሚል ቪዲዮ ይዘዋወራል፤ ባጃጅ ተራ ላይ ክርክሩ ይደምቃል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፍ አዲሱን ዋጋ እንለምደዋለን፣ ወሬውም ይበርዳል። ቀጣዩ ጭማሪ ሲመጣ ደግሞ እንደገና "አሁንስ ሃይብሪድ ነው እንጂ!" እንላለን።

እኔ የምለው፣ ሃይብሪድን በጭማሪ ሰሞን መውደድ፣ ጭማሪው ሲለመድ መርሳት አያዋጣም። በስሜት ሳይሆን በሒሳብ እንየው።

መጀመሪያ ዋጋው። በሰኔ 2014 መጨረሻ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ36.87 ብር ወደ 47.83 ብር ገባ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ሊትሩ 101.47 ብር ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልቆመም።

ፈረንጆቹ ጋ ነገሩ ከፍ ዝቅ ይላል። እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2008 አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር ሲያልፍ ቶዮታ ፕሪየስ ለመግዛት ወረፋ ተያዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ሲወርድ ፈላጊውም ቀነሰ። የእነሱ ሐሳብ ከማደያው ሰሌዳ ጋር ወጣ ወረደ። የእኛ ሰሌዳ ግን ሲወርድ ብዙም አላየነውም። ስለዚህ "ይረክስ ይሆናል" ብሎ መጠበቅ ለእኛ ዕቅድ አይሆንም።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለ፤ የሃይላንድ ዋጋ። ማደያው "የለም" ሲል መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠው ቤንዚን ሰሌዳ አያውቅም፤ የሚከፈለው እንደ ቀኑ ነው። በዚህ ላይ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የሃይብሪድ ትልቁ ጥቅም ከብሩ ይልቅ ከወረፋው ነው የምለው። 40 ሊትር የሚይዝ ታንከር እናስብ። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና በሙሉ ታንከር 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። 4.5 ሊትር የሚበቃት ሃይብሪድ 890 ገደማ ትሄዳለች። ከሮቢት አዲስ አበባ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አንዷ አንድ ደርሶ መልስ ስትሄድ ሌላዋ ወደ ሁለት ትጠጋለች። ወረፋውን ከሲሶ በላይ ቀነስክ ማለት ነው።

ብሩስ? በ101.47 ሒሳብ ከሮቢት አዲስ አበባ ለአንድ ጉዞ የመጀመሪያዋ 1,560 ብር ያህል ትበላለች፣ ሃይብሪዷ 1,005 ያህል። ልዩነቱ 555 ብር ገደማ ነው። አሁን ሃይብሪዷ ከሌላዋ በ500,000 ብር ትወደዳለች እንበል። በሳምንት አንዴ ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ልዩነቱን ለመመለስ ከ8 ዓመት በላይ ይፈልጋል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ባለ ሥራ ግን በአራት ዓመት አካባቢ ይመልሰዋል፤ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጊዜው ያጥራል። እንግዲህ ሃይብሪድ ለሚሠራ ሰው እንጂ ለሰርግና ለበዓል ብቻ ለሚያወጣት አይደለም።

መንገዳችንም ነገር አለው። ጣርማበር ዋሻው ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን መኪና ያንን ቁልቁለት ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ተራ መኪና ይህን ጉልበት በፍሬን ሸራ ሙቀትና በመሳሰሉት ያባክነዋል። ሃይብሪድ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን ወደ ጄኔሬተር ለውጦ ከፊሉን ይሰበስባል። ግን አትታለሉ፤ የድሮ ፕሪየስ ባትሪ የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ገና ሳያልቅ ይሞላል። ያን ቁልቁለት በደንብ የሚጠቀምበት ትልቅ ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

"ታዲያ ለምን ሙሉ ኤሌክትሪክ አይሆንም?" ትሉኛላችሁ። መንግሥትም የሚለው ይህንኑ ነው። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ የቀረጥና የታክስ ማበረታቻውም ያነጣጠረው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ታወጣለች፤ መብራቱ ግን የራሳችን ውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል።

ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨ መብራት ማጀቴ ላይ ያለ ሶኬት ማለት አይደለም። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ወደ ሮቢት መውረዱ ቀላል ነው፤ ሲመለሱ ያንን ሁሉ ዳገት የሚያወጣው ባትሪ የት ይሞላል? መብራት የጠፋ ቀንስ? ቦሌ ላይ የሚሠራ ፖሊሲ ቆላ ይፋት ላይ እንዲሁ አይሠራም።

የሃይብሪድ ስጋትም እውነት ነው። ሮቢት ያለ መካኒክ ቪትዝን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል፤ የሃይብሪድ ባትሪን ግን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ባትሪ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ የእኛ አገር ቆላ ነው። የማቀዝቀዣው ፋን በአቧራ ከተደፈነ ዕድሜው ያጥራል። የምትገዙ ካላችሁ ከቀለሙ በፊት የባትሪውን ጤና አስመርምሩ።

"መኪና የመግዛት ሐሳብ የለኝ፣ ምን አገባኝ?" የሚልም አለ። ወንድሜ፣ ነዳጅ መኪና የሌለው ሰው ቤትም ማጀት ድረስ ይገባል። ማሾውን ከማሳ ወደ ገበያ፣ ሽንኩርቱን ከሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው አይሱዙ በናፍጣ ነው። በዕቁብና በብድር ባጃጅ የገዛው ጓደኛህም ቀኑን የሚጀምረው ቤንዚን ፍለጋ ነው።

የእኔ አቋም ይኸው ነው። ቻርጅ ማድረጊያ ባልደረሰበት አካባቢ ሃይብሪድ እንደ ድልድይ ይፈቀድ፣ ማበረታቻውም ይድረሰው። ጎን ለጎን ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ በአስተማማኝ መስመር የሚሠራ ቻርጅ ማድረጊያ ይተከል። እዚህ ቆላ ደግሞ ለውጡ ከሀብታም መኪና ሳይሆን ከባጃጅ ይጀመር፤ አጭር መንገድ የሚሠራ፣ ማታ ማታ ቤቱ የሚያድር፣ ባትሪውም ትንሽ የሚበቃው እሱ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የባትሪ ጥገናን አሁኑኑ ማስተማር ይጀምሩ። ይህ ሲሆን ስለ ሃይብሪድ የምናወራው ነዳጅ በጨመረ ሰሞን ብቻ አይሆንም።