ከስንቁ ጋር የሚሰጥ ምክር

ልጅዎ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከተመደበ፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሲያሰናዱ አንድ ምክር ያክሉበት፤ ጣና ዳር ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ተውሳክ ያራባሉ። ተውሳኩ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ አንጀትንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ውሃው ውስጥ የገባ ተማሪ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ፣ ሕመም ባይሰማውም፣ የሰገራ ምርመራ ያድርግ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይፈውሳል፤ ተመልሶ የገባ ግን እንደገና ሊያዝ ይችላል። ተውሳኩ ወደ ሐይቁ የሚደርሰው በሰገራ ነውና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ሌላውንም ማዳን ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ጤና ሲነሳ ስፖርት ይቀድማል፤ መልካም ነው። በእኔ እምነት ግን ሐይቅ ዳር ለሚማር አዲስ ገቢ ይህ ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።