ብሉቱዙን ማን ሰረቀው?

የዛሬው ጉዳይ እንደ ወትሮው የፍቅር አይደለም። ሲጀመር የላፕቶፕ ነገር ነበር፤ እያደር ግን የሁለት አብሮ አደጎች ጠብ ሆኖ ቁጭ አለ። ደብዳቤው የመጣልኝ ከጎባ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«...ጎባ ላይ ከአብሮ አደጌ ጋር ሆነን ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍተናል። ያገለገለውን ላፕቶፕ የገዛነው ገንዘብ አዋጥተን ነው። ደንበኛ ሲመጣ ስልኩ ላይ ያለውን ማስረጃ በብሉቱዝ ይልክልናል፣ እኛ ፕሪንት እናደርግለታለን። ኔትወርክ በጠፋ ቀን እንኳ ሥራችን አይቆምም ነበር። በቅርቡ ጓደኛዬ የእህቱን የሠርግ ቪዲዮ ላቀናብር ብሎ ላፕቶፑን ሮቤ ይዞት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሲመልሰው ብሉቱዝ የሚባል ነገር የለም! ጠፍቶ ቢሆን ማብሪያው ይኖር ነበር፤ ማብሪያው ራሱ የለም። ለአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ባሳየው ‹ካርዱ ተነቅሏል፣ የሆነ ሰው ሸጦታል› አለኝ። ጓደኛዬን ስጠይቀው ሳቀ። ሳቁ አናደደኝና ሰው ፊት ሌባ አልኩት። እንደወጣ አልተመለሰም። አሁን ምን ላድርግ? ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ እቃውን እንዲተካ ሽማግሌ ልላክበት? ስሜ ይቆይልኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከማተሜ በፊትም ደወልኩልህ፤ የተነጋገርነውን ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ እዚህ አሰፍረዋለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዋይፋዩ ይሠራል?» አልኩህ። «አዎ ይሠራል፣ ከስልኬ እየሳብኩ በሱ ነው የምጠቀመው» አልከኝ። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በል!

ባለፉት ዓመታት በወጡት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ውስጥ ዋይፋዩና ብሉቱዙ ለየብቻ የተቀመጡ እቃዎች አይደሉም። ሁለቱም አንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ናቸው፤ ስፋቷ 22፣ ርዝመቷ 30 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከቴምብር ብዙም የማትበልጥ። በአንዲት ብሎን ትታሰራለች፣ የአንቴና ሽቦዎች ከላይዋ ይሰካሉ። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ጭራሽ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደች ስለሆነች ማንም አይነቅላትም። ስለዚህ ካርዷ ተነቅላ ተሸጣ ቢሆን ኖሮ ዋይፋይህም አብሮ በሄደ ነበር። ብሉቱዙን ብቻ ላጥ አድርጎ የሚወስድ ሌባ እስካሁን አልተወለደም!

«ታዲያ አንዱ እየሠራ ሌላው እንዴት ይጠፋል?» ትለኝ ይሆናል። ካርዷን ሁለት በር እንዳላት ቤት አስባት። ዋይፋዩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአንድ መስመር ነው፤ ብሉቱዙ ደግሞ በሌላ፣ ማለትም እንደ ፍላሽ ዲስክ በዩኤስቢ መስመር ነው። የዩኤስቢው በር ሲዘጋ ዊንዶውስ «እንዲህ ያለ እቃ እኔ ጋ የለም» ብሎ ማብሪያውን ጭምር ይደብቀዋል። በሩ የሚዘጋው መብራት ድንገት ሲቋረጥ፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ወይም ሰው ፎርማት አድርጎት የብሉቱዙን ድራይቨር ሳይጭን ሲቀር ሊሆን ይችላል። (የዋይፋይና የብሉቱዝ ድራይቨር ካርዱ አንድ ቢሆንም ለየብቻ የሚጫኑ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።)

ቀጥዬ «ጓደኛህ ስለ ሮቤው ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅኩህ። «ሌሊት ሲያቀናብር መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ድርግም አለብኝ ብሎኛል፤ ባትሪው ያረጀ ስለሆነ ነው አለኝ፤ እኔ ሰበብ መስሎኝ ነበር» አልከኝ። ሰበብ አልነበረም ወንድሜ፤ ምክንያቱን ነው የነገረህ። ጠጋኙስ ላፕቶፑን ከፍቶ ባዶ ቦታውን አሳየህ? «አይ፣ ሴቲንጉን አይቶ ነው የነገረኝ» አልከኝ። ይኸው ነው! እኔም ራሴ በአንድ ወቅት አንድ ጥገና ቤት «ካርድህ ተቃጥሏል» ሲለኝ አምኜ ያልተበላሸ እቃ አስቀይሬአለሁ፤ ገንዘቤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ጥርጣሬ እንፈትሽ። ዋይፋይ ብቻ ያላቸው ያረጁ ካርዶች አሉ፤ ሰው ደህናውን ወስዶ እንዲህ ያለውን ሊተካበት ይችላል። ይህን ለማወቅ ላፕቶፑን መክፈት አያስፈልግም። የዊንዶውስን ምልክት በቀኙ የማውስ ቁልፍ ተጭነህ «ዲቫይስ ማኔጀር» ግባ፤ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ስትዘረጋው የካርዱ ስም ተጽፎ ታገኘዋለህ። አንተ ያነበብክልኝ «ኢንቴል ዱዋል ባንድ ዋየርለስ ኤሲ 8265» የሚል ነው። ይህ ካርድ ብሉቱዝ 4.2 አለው። ስለዚህ ካርድህ በቦታው ነው፤ ጓደኛህም ከነገሩ ንጹሕ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። በመጀመሪያ «ኤርፕሌን ሞድ» አለመብራቱን እይ፤ ቀላል ነው ብለህ አትናቀው። ከዚያ «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ እንደያዝክ «ሸት ዳውን» በል። ይህን የምልህ ዊንዶውስ በተለመደው አጠፋፍ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ነው፤ ቶሎ ለመነሳት ሲል ግማሹን ያስቀምጣል። ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀል፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነም አውጣው። ከዚያ ማብሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነህ ያዝ። ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ታፈሳታለህ፤ ደርቆ የቀረው ካርድም እንደ አዲስ ይነሳል። ከዚያ ሰክተህ አብራው። ብዙ ጊዜ ብሉቱዙ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብቅ ይላል።

እምቢ ካለ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ቪው» ከሚለው ሥር «ሾው ሂድን ዲቫይስስ»ን ንካ። ብሉቱዝ ደብዝዞ ከታየህ ወይም «አንኖውን» የሚል ቢጫ ምልክት ያለበት ነገር ካገኘህ አጥፋውና ላፕቶፑን «ሪስታርት» አድርግ። ድራይቨር ካስፈለገህ ከራሱ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ፣ በሞዴሉ ቁጥር ፈልገህ አውርድ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች እባክህ ተዋቸው፤ አንዳንዶቹ ያልፈለግከውን ብዙ ነገር ይዘውብህ ይገባሉ። ባዮስ ውስጥም ዋየርለሱ ተዘግቶ እንደሆነ ማየት አይከፋም። ይህ ሁሉ ባይሆን ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ጥፍር የምታክል የብሉቱዝ መቀበያ አለች፤ ከካርድ ትረክሳለች። እሷ እስክትመጣ ደግሞ የስልክ ኬብል አለልህ፤ ደንበኛ አታባርር።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «የጎባ ብርድ አቃጥሎት ይሆን?» ብለሃል። ብርድ ብሉቱዝ አያጠፋም። ቢሆንም ውጭ ሲቀዘቅዝ የዋለ ላፕቶፕ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ውስጡ ላብ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ጥቂት አረፍ አድርገህ ብታበራው መልካም ነው።

በነገራችን ላይ ብሉቱዝ የሚለው ስም የንጉሥ ስም ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውና ዴንማርክንና ኖርዌይን አንድ አደረገ የሚባለው ሃራልድ ቅጽል ስሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ነበር። የኢንቴሉ መሐንዲስ ጂም ካርዳክ እ.ኤ.አ. በ1997 ስሙን ያቀረበው እቃዎችን ያስማማል ብሎ ነው። እናንተን ግን አጣላችሁ!

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ መልእክትህ ደረሰኝ። «ማብሪያውን ተጭኜ ያዝኩት፤ ብሉቱዙ ተመለሰ። ጓደኛዬ ግን ስልክ አያነሳልኝም» ይላል። ባያነሳ አይፈረድበትም። ሌባ ያልከው በስልክ አይደለም፣ ሰው ፊት ነው። ሽማግሌ መላክ ካሰብክ አሁንም ላክ፤ እቃ ለማስተካት ሳይሆን ይቅርታህን ይዘው እንዲቀድሙህ ነው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበሩትንም ሰዎች ጥራና «ተሳስቼ ነው» ብለህ እነሱው ፊት ንገረው፤ ስሙን ያጎደፍከው እነሱ ፊት ነዋ። ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገ ጠዋት ታክሲ ያዝ። ላፕቶፑንም ይዘህ ሂድ፤ የእህቱ ቪዲዮ ሳያልቅ አልቀረም?