ሕንፃን ማሠራትና ሕንፃን መጠበቅ

አዲስ ሕንፃ በተመረቀ ቀን ደስታው የብዙ ሰው ነው፤ ዐሥር ዓመት አልፎት ጣራው ባፈሰሰ ቀን ግን የሚጠየቀው ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለሚታየው የሕንፃ ጉዳት ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር ያነሣሣን ይኸው ነው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በአገራችን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የአለማያ፥ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ግን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህን ያህል የመማሪያ ክፍል፥ የተማሪ ማደሪያ፥ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ በአጭር ዘመን ማቆም የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ባንድ ዘመን የተሠራ ሁሉ ባንድ ዘመን ያረጃልና፥ የጥገናው ዕዳም ባንድነት ይመጣብናል።

የችግሩ ምክንያት የገንዘብ ማነስ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ማነሱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጊዜውን ማጣቱ የባሰ ይጎዳል። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን፥ ክረምቱ በበረታበት ወራት ነው። የጨረታው ጽሕፈት የሚጀመረው ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ሲሆን፥ ጣራ የሚጠገንበት በጋ በደብዳቤ ያልፋል፤ ውሉ ሲፈረምም ዝናሙ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ መካከል ጥቂት ቆርቆሮ ለመለወጥ ይበቃ የነበረው ገንዘብ ኮርኒሱን፥ የኤሌክትሪኩን መስመርና ግድግዳውን ለማደስ አይበቃም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው ስለዚህ ነው፤ መጽሐፈ መክብብም የቤትን ማፍሰስ የቈጠረው በዝናሙ በደል ሳይሆን በባለቤቱ ስንፍና ነው።

ደብር ትልቅም ቢሆን ትንሽም ቢሆን ገበዝ አለው፤ ክዳኑ ሲነቀል፥ ንዋየ ቅድሳቱ ሲጎድል የሚጠየቀው እርሱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን በቤቱ የሚገለገለው ሌላ፥ ቁልፉን የያዘው ሌላ፥ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሌላ፥ ዕቃውን የሚገዛው ሌላ ሲሆን፥ የተሰበረው ቧንቧ ከቢሮ ወደ ቢሮ በወረቀት እየዞረ ውኃው ሲፈስስ ይከርማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ስሙ የታወቀ ኃላፊ ይሾምለት፤ የተሠራበት ዓመት፥ ፕላኑና የተጠገነው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብም ይኑረው። ሁለተኛ፥ ሕንፃው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርመር፤ በመስከረም የዝናሙ ምልክት ገና ሳይጠፋ ጉዳቱ ተጽፎ ለሚመጣው ዓመት በጀት ይጠየቅበት፤ በሚያዝያም አሸንዳውና የውኃ መውረጃው ይጠረግ። ሦስተኛ፥ የጨረታው ጽሕፈት ከሐምሌ በፊት ተሰናድቶ ቢቆይ፥ ጨረታው በክረምት አልቆ የጣራው ሥራ በጥቅምት ይጀመራል፤ ተማሪዎች ለዕረፍት በሚሄዱበት ክረምት ደግሞ የውስጡ ሥራ ይሠራል። አራተኛ፥ ለትንሹ ብልሽት ጨረታ እንዳያስፈልግ መለዋወጫ ያለው ዕቃ ቤትና ብልህ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይኑር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩን ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ እስከ 10 ዓመት ለሥራው ጽናት ዋስ አድርጎታል። ነገር ግን የርክክቡን ወረቀት ያላኖረ፥ ስንጥቁ የታየበትን ቀን ያልጻፈ ባለቤት በምን ይሟገታል? ስለዚህ መዝገብ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሰጠውን መብት በገዛ እጁ ይጥላል።

በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሞ ያገለግላል፤ ቤትን የሚጥለው ዕድሜ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። እነዚህ ሕንፃዎች የቆሙት ገበሬውና ነጋዴው በከፈሉት ግብር ነው፤ በውስጣቸውም የሚያድሩት ልጆቻቸው ናቸው። የሹም ታማኝነቱ የሚታወቀው ሪባን በቈረጠበት ቀን ብቻ አይደለም፤ የተረከበውን ሳያጎድል ለተተኪው ባስረከበ ቀን ነው እንጂ።