ዕጣኑን በጆንያ፣ ሽቶውን በብልቃጥ

በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም ለጁምዓ የሚወጣ ሰው አንገቱንና አንጓውን በዘይት ሽቶ ነካ ማድረግ ይወዳል። አልኮል የለበትማ!

የዘይት ሽቶ እንደሚነፋው ሽቶ ወዲያው ቤት አይሞላም። ቆዳ ላይ ተኝቶ በገላ ሙቀት ቀስ እያለ ይወጣል። ሚስኩ ገና ታጥቦ የደረቀ ነጠላን ያስታውሳል። ኡዱ መጀመሪያ እንደ ጭስ ይከብዳል፤ ሲውል ይለሰልሳል። ጽጌረዳው ቶሎ ደስ ያሰኛል፤ ሲበዛ ግን ራስ ያዞራል።

የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ሽቶው የሚመጣው ከዱባይና ከህንድ ነው። የዓለም ሽቶ ሠሪዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት ዝባድ ግን በከብት ቀንድ ታሽጎ የሄደው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ነው። ዛሬም ዕጣንና ከርቤ ዘይታቸው ሳይወጣ በጆንያ ይሸጣሉ።

ወደ ዝባድ እንመለስ ማለት አይደለም። ጥርኝን በጠባብ ጎጆ አስሮ መፋቅ ጭካኔ ነው፤ ሰው ሠራሹም ተክቶታል። የወሎ እናቶች ግን ቅቤን በአደስ ለውሰው ፀጉር ሲቀቡ ኖረዋል። ይህ የዘይት ሽቶ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የአደስ ዘይት የሚወጣው ቅጠሉን በእንፋሎት አፍልቶ፣ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ነው። አረቄ ማውጣት የሚያውቅ አገር ይህ አይከብደውም። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ለወጣቶች ማኅበር መነሻ ብድርና ገበያ ነው። እሱ እስኪመጣ ግን የራሳችንን ሽታ ከሰው እየገዛን እንቀጥላለን።